በእማዬ ኮምፒውተር ውስጥ ያገኘሁት

ኮምፒውተራችን መንቀራፈፍ የጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው። እኔም መጀመሪያ እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የቆየ ኮምፒውተር ነው። ቤቱ የእኔ ቢሆንም ኮምፒውተሩ የእማዬ ነው ማለት ይቻላል። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ወታደሯ ልጄ ጎንደር የምትኖረውን የአክስቴን ፎቶ ስክሪኑ ላይ አስቀምጣላታለች። እማዬ ቀስቷን ፎቶው ላይ ወስዳ ሁለት ጊዜ ስትጫን ወደ እህቷ ይደወላል። ከዚያ ሌላ የምታውቀው ነገር የለም፤ ማወቅም አትፈልግም። በየቀኑ ከቀትር በኋላ፣ እኔ ከሥራ ሳልመለስ፣ ሁለቱ እህትማማቾች ፊት ለፊት ተቀምጠው ያወራሉ። ወሬ ሲያልቅባቸው ደግሞ ዝም ብለው ይተያያሉ።

ከፋሲካ ወዲህ ግን ያ ሁሉ ተበላሸ። ንግግሩ ገና ሲጀመር የአክስቴ ምስል አፉን ከፍቶ ይደርቃል፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል። እማዬ ስክሪኑን በመዳፏ መታ መታ ታደርገዋለች።

"ማሕሼቡ ታሟል" አለችኝ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ፤ ኮምፒውተሩን በዕብራይስጥ እንዲህ ነው የምትለው። "ልጁን ጥሪልኝ።"

"ልጁ" የምትለው የአርባ ዓመት ሰው ነው። ቀን ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካዎች ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ከሥራ ሲወጣ ጥቁር ቦርሳውን አንግቶ በሰፈራችን በኤን ጋኒም ከሽኩን ወደ ሽኩን፣ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ እየዞረ የአገራችንን ሰዎች ኮምፒውተርና ስልክ ይጠግናል። እዚሁ አገር ያደገ ሆኖ ሳለ አማርኛው የጎንደር ሽማግሌ አማርኛ ነው። የእኛ ልጆች ለአያቶቻቸው በዕብራይስጥ ሲመልሱ እሱ ጎንበስ ብሎ ጉልበት ስሞ "እንደምን ሰነበቱ እምዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ያ ወገብዎ ተሻለዎ?" ይላል። ለድካሙ የሚጠይቀው ምርቃት ብቻ ነበር። አሮጊቶቹም አንዳቸው ከአንዳቸው እየተሽቀዳደሙ ይመርቁት ነበር።

ደግሞ ሌላ ነገር ነበረው። ልቡ ይነግረዋል ይባል ነበር። አክስቴ የታመመች ጊዜ ወሬውን ለማንም አልተናገርንም፤ ሰንበት ይለፍ ብለን ይዘነው ነበር። ሰውዬው ግን በበሩ ገና ሲገባ "እምዬ፣ እህትዎ ደህና ናቸው? ሌሊት በሕልሜ አይቻቸው ከፋኝ" አላት። እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰው በእሷ ዘንድ ተራ ሰው መሆኑ ቀረ። ከሥር አንደኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት ሴትዮም እንዲሁ ይሉ ነበር፤ ልጃቸው የተቆጣቸው ዕለት ሰውዬው ሳይጠራ መጥቶ አጽናንቷቸዋል። የሰፈሩ ማትናስ፣ የሕዝብ ማዕከሉ፣ የአረጋውያኑን ጉዳይ የሚያይ ኮሚቴ ሲያቋቁም ሁሉም በአንድ ቃል የጠሩት እሱን ነበር።

እኔም አምኜው ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል። ሥራ ቦታዬ ላይ አንድ አለቃ አስመርሮኝ የክስ ደብዳቤ ጽፌ፣ ፈርቼ ሳልልከው ኮምፒውተሩ ላይ ትቼው ነበር። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሰውዬው ደረጃ ላይ አገኘኝና "እህቴ፣ ሥራ ቦታ የሚያስከፋሽ ሰው አለ መሰለኝ፤ ፊትሽ ይናገራል። አይዞሽ፣ ያልፋል" አለኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በዚህ አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ስኖር ፊቴን ያነበበልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ አለቀስኩ።

እንግዲህ እማዬ "ጥሪልኝ" ያለችው ይህን ሰው ነው። ደወልኩለት፤ አልነበረም። ሚሉኢም ተጠርቶ፣ ማለትም ለተጠባባቂ ጦር አገልግሎት፣ ወደ ሰሜን ሄዷል። "እምዬን አይዞዎት በያት፤ ስመለስ እኔ ራሴ አየዋለሁ። አንቺ ምንም እንዳትነኪ" አለኝ። "እንዳትነኪ" የሚለውን ሁለት ጊዜ ነው ያለው። ያኔ ለእኛ ማሰቡ መሰለኝ።

እማዬ ግን መታገሥ አልቻለችም። እህቷን ካላየች እህል አይወርድላትም። ስለዚህ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ሥራ በማልገባበት ቀን፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ጦር ሰፈሯ ውስጥ ወዳለችው ልጄ ደወልኩ። ልጄ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለችም፤ የጽሕፈት ሥራ ነው የምትሠራው። ግን እንደ እኩዮቿ ሁሉ ከእኔ ትሻላለች።

"ኢማ፣ በሰደር፣ አዳምጪኝ" አለችኝ በዕብራይስጧ፤ እማዬ፣ እሺ ማለቷ ነው። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልሳለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ነን። "ሦስት ቁልፎች እነግርሻለሁ፣ አንድ ላይ ተጫኚያቸው። አሁን በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሠራው ሁሉ በዝርዝር ይወጣልሻል።"

ወጣልኝ። እኔ ኮምፒውተር ማለት የማየው ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ምንም ሳንከፍትበት፣ ማንም ሳይነካው፣ ከጀርባ ስንትና ስንት ፕሮግራም ይሠራል! ስማቸው ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፤ ከእያንዳንዱ ስም ትይዩ የኮምፒውተሩን ጉልበት ምን ያህል እንደሚወስድ ተጽፏል።

"ብዙ የሚበላው የትኛው እንደሆነ እይ" አለችኝ። "የዓምዱን ራስ ስትጫኚ ትልልቁ ወደ ላይ ይመጣል።"

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የልጄ የራሷ ጥፋት ሆኖ ተገኘ፤ በሰንበት እረፍቷ መጥታ የከፈተቻቸውን የኢንተርኔት ገጾች ሳትዘጋ ሄዳለች። ዘጋኋቸው። ሁለተኛው ከቫይረስ የሚጠብቀው ፕሮግራም ነበር፤ ፍተሻ ላይ ስለነበር እስኪጨርስ ጠበቅኩት። ጨረሰ፤ ረገበ። ማራገቢያው ግን መጮኹን አልተወም።

ሦስተኛው ስም እንግሊዝኛ ነው፤ አንዱ የኮምፒውተሩ የራሱ ፕሮግራም ይመስላል። ልጄ ስሙን ሳነብላት "እሱ የሲስተሙ ነው፣ አትንኪው፤ ኢማ፣ ልሂድ፣ እየጠሩኝ ነው" ብላ ልትዘጋ ነበር።

እኔ ሰጉላ የምሠራው ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሥራዬ ካርቶን ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ማየት ነው። ቃሉን አላነበውም፤ እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አይደለም። ፊደሉን ግን አያለሁ። አንዲት ፊደል ብትዛነፍ፣ በፊደል ፈንታ ቁጥር ቢገባ፣ ዓይኔ ላይ እንደ ጉድፍ ይቆረቁረኛል። እና ዝርዝሩን ዝቅ ብዬ ሳየው ያው ስም ደግሞ ሌላ ቦታ አለ። ሁለቱን አስተያየኋቸው። የታችኛው ላይ ረጅሟ ፊደል ፊደል ናት። ብዙ ጉልበት የሚበላው የላይኛው ላይ ግን ፊደል አይደለችም፤ የአንድ ቁጥር ምልክት ናት።

"አትዝጊ" አልኳት ልጄን። "ይህ የተሳሳተ ምልክት የተለጠፈበት ካርቶን ነው።"

መዝጋቱን ተወችው። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "ኢማ፣ በቀኝ ቁልፍ ንኪውና ፋይሉ ያለበትን ቦታ አስከፍቺው። የሠራው ድርጅት ስም አለ?"

የለም። ባዶ ነው። የገባበት ቀን ግን ተጽፏል፤ አምና ነው፤ የታደሰው ደግሞ ዘንድሮ ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት። የከፈተው ፎልደር ውስጥ ደግሞ ሌሎች ፎልደሮች አሉ። አንዱ ላይ በዕብራይስጥ ፊደል "ሦስተኛ ፎቅ" የሚል ተጽፏል። ሦስተኛ ፎቅ እኛ ነን።

ከፈትኩት።

በመጀመሪያ ያየሁት የራሴን ደብዳቤ ነው። ያን ያልላክሁትን የክስ ደብዳቤ፣ ልክ ስጽፈው ስክሪኑ ላይ እንደነበረ ፎቶ ተነሥቶ። ቀጥሎ የሐኪም ቤት ውጤቴ። ቀጥሎ ልጄ ከጓደኛዋ ጋር የተጻጻፈችው። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ግን የስክሪን ፎቶዎች አልነበሩም። ቪዲዮዎች ነበሩ፤ የእኛ ሳሎን ነበር።

አንዱን ነካሁት። እማዬ ተቀምጣለች። ሻሿን ፈትታ ነጩን ፀጉሯን በጣቷ ታፍታታለች፤ እኔ እንኳ ሻሿን ያለ ምክንያት ስታወልቅ አላያትም። ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ ያበጠ ጉልበቷን በቅባት እያሸች ለእህቷ ስለ አባቴ ታወራለች። አባቴ ሱዳን በረሃ ላይ እንዴት እንደሞተ። ለእኔ አንድም ቀን ያልነገረችኝን ነው። እኔ በአርባ ሦስት ዓመቴ የአባቴን አሟሟት የሰማሁት ከሌባ ዕቃ ውስጥ ነው።

እስከ መጨረሻው አላየሁትም። ወደ ወጥ ቤት ሮጬ የዕቃ ማጠቢያው ላይ ጎንበስ አልኩ። የሚወጣ ነገር አልነበረም፤ ምራቅና መራራ ውሃ ብቻ። አፌን አጠብኩ፤ እጄንም አጠብኩ፤ ደግሜ አጠብኩ። አንድ ነገር ክንዴ ላይ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ቤቱ ሁሉ ሸተተኝ፤ የራሴ ቤት፣ ጠዋት በሎሚ ሳሙና የወለወልኩት ወለል።

ስልኩ ውስጥ ልጄ "ኢማ? ኢማ?" ትላለች።

"ማን ነው?" አልኳት። ማን እንደሆነ ግን ሁለታችንም ሳናውቀው አልቀረንም። ሳሎኑን የቀዳውን ካሜራ ያመጣው እሱ ነው። "ለፋሲካ ስጦታዬ ነው እምዬ፤ እህትዎ ጥርት አድርገው እንዲያዩዎት" ብሎ ራሱ ስክሪኑ አናት ላይ ሰካው። ፕሮግራሙ ፋይሎቹን የሚልክበት የኢሜይል አድራሻም እዚያው ፎልደር ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ጎን ላይ "ሲበላሽ በዚህ ጥሩኝ" ብሎ በለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው የእሱ የራሱ አድራሻ ነው። ይህን ያህል እንኳ አልተጠነቀቀም። ማን ያየዋል ብሎ ይጠንቀቅ? ማንበብ የማይችሉ አሮጊቶች ቤት ነው።

"ምንም እንዳታጠፊ" አለችኝ ልጄ፤ እያለቀሰች ነበር። "ሁሉንም በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከዚያ የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀዪ።"

እንዳለችው አደረግኩ። ካሜራውን በሁለት ጣቴ፣ የሞተ አይጥ እንደሚያነሱ፣ አንሥቼ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። እማዬ ከመኝታ ቤት ወጥታ "በሽታውን አገኘሽለት?" አለችኝ። "ገና ነኝ" አልኳት። መንገር ነበረብኝ። አፌን ስከፍት ያ ነጭ ፀጉሯ ይመጣብኛል፤ ዘጋሁት። በቃ፣ ፈራሁ።

እማዬ ግን እኔን መጠበቅ ሰልችቷት ለካ በስልኳ ራሷ ደውላለታለች። በሚቀጥለው ዓርብ ለእረፍት ሲለቁት ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ የወታደር ጫማውን እንዳደረገ ከች አለ። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ የእማዬን ጉልበት ሳመ። ያን ጉልበት። ያበጠውን። ያየውን። እዚያው ልጮኽ ምንም አልቀረኝም።

"እንዴት ሰነበቱ እምዬ? እህትዎ ተሻላቸው?"

"ይመስገን። ከእሷ ጋር አገናኘኝ እንጂ ልጄ፣ ናፈቀችኝ።"

ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ሲል እኔ ቀድሜ ተቀመጥኩ። ዝርዝሩን ከፈትኩና ስሙ ላይ ጣቴን አደረግኩ። "ይሄ ምንድን ነው?"

አየው። ፊቱ ላይ ምንም አልታየም። "የሲስተሙ ነው። አትንኪው ብዬሽ ነበር እኮ።"

"የሲስተሙ ይኸውልህ፣ ታች ያለው ነው። ይሄ ፊደሉ ቁጥር ነው።"

"ምን ታውቂያለሽና!" አለኝ፤ ከዚያ ወደ ዕብራይስጥ ገባ፣ ፍጥነቱን ጨምሮ። ርቀት ላይ ሆኖ ድጋፍ ለመስጠት ነው፣ ኮምፒውተር የሚጠግን ቴክናይ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩን ለመጠበቅ ነው አለ። ያ ውብ የጎንደር አማርኛ ከአፉ እንደ ቅርፊት ረገፈ።

"በአማርኛ ተናገር" አልኩት። "እማዬ ትስማ።"

እማዬ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየች "ምን ሆናችሁ?" አለች።

ነገርኳት። በአጭሩ ነው የነገርኳት፤ "ከዚህ ሳሎን የምታወሪውንና የምትሠሪውን ሁሉ ይቺ ካሜራ ትቀዳለች፤ እሱ ቤቱ ሆኖ ያየዋል። ስለ አክስቴ ሕመም ሕልም አላየም። ስትነጋገሩ ሰምቷችሁ ነው።"

ክዶ ቢሆን ይሻል ነበር። እሱ ግን ተንበረከከ። እማዬ እግር ሥር ተንበርክኮ "እምዬ፣ ምንም አልሰረቅኩም። ምን ወሰድኩባችሁ? ችግራችሁን ለማወቅ ነው። ማን ይጠይቃችሁ ነበር? ልጆቻችሁ ሥራ ላይ ናቸው። እኔ ባላውቅ ማን መጥቶ ያጽናናችሁ ነበር?" እያለ እንባውን አወረደው። እንባው የእውነት ነበር፤ ከሁሉ ነገር ያ ይበልጥ ቀፈፈኝ። ሌባ ሲያዝ ያፍራል፤ ይሄ ግን ልናመሰግነው የሚገባን ይመስል ያለቅሳል። ሌላ ሰው ገላ ላይ ጠግቦ "ደምህ እንዳይበዛ ነው" የሚል መዥገር።

የእማዬ እጅ ወደ ሻሿ ሄዶ ጫፉን ወደ ግንባሯ ሳበ። ከዚያ እግሯን ከእሱ ሰበሰበች።

"እግዚአብሔር ነግሮህ መስሎኝ ነበር" አለችው ቀስ ብላ። "ተነሥ። እኔ በማላውቀው ነገር ነው የመረቅሁህ። ምርቃቴን አንሥቻለሁ።"

እንደ መታችው ነው የሆነው። ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። የወታደር ጫማው ደረጃው ላይ እየራቀ ሲሄድ ይሰማ ነበር።

ያን ዕለት ሰንበት ሳይገባ አጎቴ ደወለልን። ሰውዬው ከእኛ ቤት ወጥቶ በቀጥታ ወደ እሳቸው ሄዷል። አጎቴ የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ ኔቬ ኦዝ ሰፈር የሚኖሩ፣ ሰው የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ።

"ልጄ፣ አጥፍቷል፤ ማጥፋቱንም አምኗል" አሉኝ። "ይቅርታ ይጠይቃል፣ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ፖሊስ ግን አያስፈልግም። ገመናችን ፈረንጅ ፊት አይውጣ። ስንት ነገር ይሉናል አሁንም።"

"አያ፣ ገመናችንን እሱ አውጥቶት የለም እንዴ?" አልኳቸው።

"እሱ የእኛው ልጅ ነው።"

"ታዲያ የእኛው ልጅ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ሰው ቢሆን በሬን እከፍትለት ነበር?"

አጎቴ ተቆጡ። ሴት ልጅ እንደዚህ አትናገርም ያሉኝ አንደኛው ሽማግሌ ናቸው፤ አጎቴም አላረሟቸውም። ያን ቀን የወገኖቼ ሽምግልና ራሱ አስጠላኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳከብረው የኖርኩት ነገር ነው። ነገር ግን ሦስቱም፣ አንዳቸውም እንኳ፣ ወደ እማዬ ዞረው "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አላሏትም። ስለ እሷ ፀጉርና ስለ እሷ ጉልበት እየተነጋገሩ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወለል ወለሉን ታያለች።

ሲወጡ ተከትዬ ወረድኩ፤ ከእነሱ ጋር ግን አልሄድኩም። አንደኛ ፎቅ ላይ ቆሜ የብቸኛዋን ሴትዮ በር አንኳኳሁ። የፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ "ሦስተኛ ፎቅ" ካለ "አንደኛ ፎቅ" የማይኖርበት ምክንያት አልታየኝም ነበር። ኮምፒውተራቸውን ከፈትኩት፤ ዝርዝሩን አወጣሁት። ቁጥሯ እዚያ ቆማለች፤ በፊደል መካከል እንደ ትኋን ተሸጉጣ።

በሚቀጥሉት ቀናት ከፋብሪካ ስወጣ በአውቶቡስ ኤን ጋኒም እወርድና የእሱን እግር ተከትዬ ቤት ለቤት ዞርኩ። አንኳኳለሁ፣ ሰላምታ እሰጣለሁ፣ "እስቲ ማሕሼብዎን ልየው" እላለሁ። አንዳንዱ ቤት አልነበረም። ስድስት ቤት ውስጥ ነበር። አንድ ሽማግሌ ካሜራው ሥር ለዓመታት ሲጸልዩ ኖረዋል። አንዲት ሴት የባሏን ዱላ ለእህቷ ያወራችው እዚያው ፊቱ ነው፤ ሰውዬው መጥቶ "ታገሺ" ብሎ መክሯታል። አውቆ ሳለ፣ በዓይኑ አይቶ ሳለ፣ ታገሺ! እሷ ቤት በር ላይ ቆሜ ያቅለሸለሸኝ ከራሴ ቤት ይበልጣል። ለሰው አስቦ ቢሆን ለዚያች ሴት ፖሊስ ይጠራላት ነበር። እሱ ግን የሚፈልገው ችግሩ እንዲወገድ አልነበረም። ችግሩ እንዲቆይ፣ እሱም እያወቀ እንዲመጣ፣ ጉልበት ስሞ እንዲመረቅ ነው።

በሳምንቱ እሑድ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ብቻዬን አልነበርኩም። ጠዋት በሩን ስከፍት እማዬ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ ከዘራዋን ይዛ ቆማለች። "የእኔ ገመና ነው፤ እኔ ነኝ የምከሰው" አለች። መርማሪዋ ወጣት ሴት ነበረች። እማዬ በአማርኛ ትናገራለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። ስለ ሻሿ ስትደርስ እኔ መተርጎሜን አቆምኩ፤ እማዬ ግን አልቆመችም። "ንገሪያት እንጂ" አለችኝ በክርኗ ገፋ አድርጋ። ኮምፒውተሩን ወሰዱት። ከእሱም ቤት የነበሩትን ወሰዱ።

አሁን ይህን ስጽፍ ክሱ ገና ፍርድ ቤት ነው። ሰውዬው ሰፈሩን ለቆ ደቡብ ካሉ ዘመዶቹ ዘንድ ገብቷል ይባላል። ባሏ የሚደበድባት ሴት ከኮምፒውተሩ ነገር የተነሣ የእሷም ጉዳይ ተከፈተ፤ ዛሬ ከልጆቿ ጋር ሌላ ቦታ ትኖራለች። አጎቴ ለሦስት ወር ያህል አላነጋገሩኝም። በኋላ አንድ ቀን ራሳቸው መጥተው ኮምፒውተራቸውን አሳዩኝ፤ ንጹሕ ነበር። እፎይ ሲሉ አየሁ።

እማዬ አዲስ ኮምፒውተር እምቢ አለች። እህቷን በስልክ ድምፅዋን ብቻ ትሰማለች፤ ፊቷን ለማየት ግን እስካሁን ፈቃደኛ አይደለችም። አንድ ሰንበት አጠገቧ ቁጭ ብዬ "ስለ አባቴ የምታወሪውን ትንሽ ሰምቻለሁ" አልኳት። "አውቃለሁ" አለችኝ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ። ሳለቅስ አላባበለችኝም፤ እስክጨርስ ጠበቀችኝና ቀጠለች።

ስለ አንደኛ ፎቋ ሴትዮ ልናገርና ላቁም። ኮምፒውተራቸውን ካጸዳሁላቸው ከረጅም ጊዜ በኋላ ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። "ማሕሼብዎ ፈጠነ?" አልኳቸው።

"ፈጠነ። ግን አሁን ማንም አይመጣም" አሉኝ። "ያ ልጅ ሌባም ቢሆን ይጠይቀኝ ነበር።"

ተናደድኩባቸው። ቤቴ ገብቼ ለእማዬ አወራሁላት፤ ያን ሁሉ ጸያፍ ነገር አይተው እንዴት እንዲህ ይላሉ! እማዬ ግን "ታዲያ አንቺ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

አሁን ዓርብ ዓርብ ለሰንበት ስሠራ ለእሳቸውም አንድ ሳህን ይዤ እወርዳለሁ። እሱ የሚያውቀውን ያህል ስለ እሳቸው አላውቅም። ምን ልበል ብዬ ብዙ ጊዜ ይጨንቀኛል፤ ወሬ አያልቅባቸውም፣ እኔ ደግሞ የሰንበት ሥራ አለብኝ። ወገብዎ እንዴት ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ወገባቸው ሳይሆን ትከሻቸው ነው የሚያማቸው፤ ያንንም የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።